የደመወዝና የኪራይ ግብርን በኮምፒዩተር ፕሮግራም ስለማሳወቅ፦ ለአንድ የጎንደር ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጎንደር ውስጥ የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ያልተጣራ ደመወዜ በወር 15,000 ብር ነው። አዘዞ ከአባታችን የወረስነው ቤት አለ፤ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ ግሪን ካርድ ይዞ ቨርጂኒያ የሚኖረው ወንድሜ ነው። ሁለቱን የጓሮ ክፍሎች ለተማሪዎች እያንዳንዳቸውን በ2,000 ብር፣ በመንገድ በኩል ያለውን ክፍል ደግሞ ለአንድ ልብስ ሰፊ በ3,000 ብር አከራይተናል። ወንድሜ በየዓመቱ ግብሩን በኮምፒዩተር ፕሮግራም ራሱ ይሞላና መንግሥት ገንዘብ ይመልስለታል። እኔም ስልኬ ላይ የግብር ማስያ ጭኜ ደመወዜንና የኪራዩን ድርሻዬን ሳስገባ በወር 4,975 ብር ግብር እንዳለብኝ ነገረኝ፤ መሥሪያ ቤቴ ግን የሚቆርጥብኝ 3,200 ብር ነው። የትኛው ነው ትክክል? አንድ የማውቀው ሰው ደግሞ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬንና የይለፍ ቃሌን ከሰጠሁት በኦንላይን አሳውቆ ተመላሽ እንደሚያስወጣልኝ፣ ከሚገኘውም አሥር በመቶ እንድከፍለው ነግሮኛል። ሐምሌ ሳይገባ ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ከደመወዝዎ ላይ የሚቆረጠው 3,200 ብር ትክክል ነው፤ የስልክዎ ማስያ ተሳስቷል፤ የይለፍ ቃልዎን ደግሞ ለማንም አይስጡ። የኪራዩ ግብር ግን በመሥሪያ ቤትዎ በኩል ስለማይከፈል እርሱ ገና ከፊትዎ ያለ ሥራ ነው፤ ጥያቄዎም በእውነት ሊያሳስብ የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንፍታ፤ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ካላዩ ነገ ሌላ ማስያ ጭነው እንደገና መደናገርዎ አይቀርም። ከ4,975 ላይ 3,200 ሲቀነስ 1,775 ብር ይቀራል። ከዚህ ውስጥ 550 ብሩ የመጣው ማስያው በአሮጌው የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ ስለሚሠራ ነው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት ከ10,900 ብር በላይ የሆነ ወርሃዊ ደመወዝ በ35 በመቶ ተባዝቶ 1,500 ብር ይቀነስለት ነበር። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ግን ከግብር ነፃ የሆነውን የመጀመሪያ እርከን ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎ፣ የ35 በመቶውን እርከን ከ14,000 ብር በላይ እንዲጀምር፣ ተቀናሹም 2,050 ብር እንዲሆን አድርጓል። ስለዚህ የእርስዎ 15,000 ብር በ35 በመቶ ሲባዛ 5,250 ይሆናል፤ 2,050 ሲቀነስለት 3,200 ይመጣል። በአሮጌው ስሌት ግን 3,750 ይሆን ነበር። የቀረው 1,225 ብር የመጣው የኪራዩን ድርሻዎን፣ ማለትም ከ7,000 ብሩ ግማሹን 3,500 ብር፣ በደመወዝዎ ላይ ደራርቦ በ35 በመቶ ስላባዛው ነው። 550 እና 1,225 ሲደመሩ ያው 1,775 ናቸው።

ሌሎች ማስያዎች ደግሞ በተቃራኒው ደስ የሚያሰኝ ስህተት ያሳያሉ፤ ከደመወዝዎ ላይ አስቀድመው የ7 በመቶውን የጡረታ መዋጮ ቀንሰው በቀሪው ላይ ግብር ያሰላሉ። በእርስዎ ደመወዝ መዋጮው 1,050 ብር ስለሆነ ቀሪው 13,950 ይሆንና ወደ 30 በመቶው እርከን ይወርዳል፤ ግብሩም 2,835 ብር ብቻ ይመስላል። ይህን ያየ ሠራተኛ በየወሩ 365 ብር ተበደልሁ ብሎ ፋይናንስ ክፍል ድረስ ሄዶ ሲከራከር አይቻለሁ። ሕጋችን የሠራተኛውን የጡረታ መዋጮ ከግብር በፊት እንዲቀነስ አይፈቅድም፤ ግብሩም መዋጮውም ለየብቻቸው ከደመወዙ ላይ ይሰላሉ። የደመወዝ መክፈያ ሰነድዎ ላይ 3,200 ብር ግብር፣ 1,050 ብር ጡረታ እና ሌላ ተቀናሽ ከሌለብዎ 10,750 ብር የተጣራ ክፍያ ካለ ስሌቱ በትክክል ተሠርቷል ማለት ነው።

ከስሌቱ ስህተት በስተጀርባ ያለው የአስተሳሰብ ስህተት ግን ይበልጥ መታረም አለበት። ወንድምዎ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ለምሳሌ ተርቦታክስ፣ የተሠራው የሰውየውን የዓመት ገቢ ሁሉ አንድ ላይ ደምሮ አንድ ግብር ለሚያሰላ ሕግ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቀጣሪው ዓመቱን ሙሉ በግምት ቆርጦ ያስቀምጣል፤ በዓመቱ መጨረሻ ለሠራተኛው ደብሊው-2 የሚባለውን መግለጫ ይሰጠዋል፤ ሠራተኛው ደግሞ ትዳሩን፣ ልጆቹን፣ የተፈቀዱለትን ተቀናሾችና ሌሎች ገቢዎቹን ጨምሮ 1040 የተባለውን ቅጽ ይሞላል። የተቆረጠበት ከሚገባው በላይ ሆኖ ከተገኘ ይመለስለታል፤ ካነሰ ይጨምራል። ያ ተመላሽ በአብዛኛው የመንግሥት ስጦታ ሳይሆን ወንድምዎ ዓመቱን ሙሉ ከሚገባው በላይ ያስቀመጠው የራሱ ገንዘብ ነው። ፕሮግራሙም ዋጋ ያለው በዚያ አገር እያንዳንዱ ዜጋ የማስላትና የማሳወቅ ሸክም ስላለበት ነው።

የእኛ ሕግ የተሠራው በሌላ መልክ ነው። አዋጅ ቁጥር 979 ገቢን በሠንጠረዥ ይከፋፍላል፤ የመቀጠር ገቢ በሠንጠረዥ «ሀ»፣ የቤት ኪራይ በሠንጠረዥ «ለ»፣ የንግድ ሥራ ገቢ በሠንጠረዥ «ሐ»፣ እንደ ባንክ ወለድ ያሉ ሌሎች ገቢዎች በሠንጠረዥ «መ» ይስተናገዳሉ፤ ከግብር ነፃ የሆኑት ደግሞ በሠንጠረዥ «ሠ» ተዘርዝረዋል። እያንዳንዱ ሠንጠረዥ የራሱ ስሌት፣ የራሱ ጊዜና የራሱ ከፋይ አለው፤ አንዱ ከሌላው ጋር አይደመርም፣ የአንዱ ኪሳራም ከሌላው ላይ አይቀነስም። ደመወዝ በወር ይሰላል፤ ኪራይ በዓመት ይሰላል። ይህ ለእርስዎ የሚጠቅም ነገር ነው። ማስያው እንዳደረገው ኪራዩ በደመወዝዎ ላይ ቢደመር ኖሮ ከመጀመሪያው ብር ጀምሮ 35 በመቶ ይቆረጥበት ነበር፤ በዓመት 14,700 ብር ማለት ነው። ለብቻው ሲሰላ ግን የዓመት ድርሻዎ 42,000 ብር፣ ያውም የተፈቀዱት ወጪዎች ሳይነሡለት፣ ከግብር ነፃ ከሆነው እርከን ይጀምርና ወደ ዝቅተኞቹ መጣኔዎች ይገባል፤ በአሮጌውም ሆነ በአዲሱ ሠንጠረዥ 35 በመቶ አጠገብ አይደርስም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ላንሣ። «ሠንጠረዥ ለ» እና «ደረጃ ለ» አንድ አይደሉም። ሠንጠረዥ የገቢውን ዓይነት ይናገራል፤ ደረጃ ደግሞ ግብር ከፋዩ በዓመት የሚያገኘውን ገቢ መጠን ተከትሎ ምን ያህል መዝገብ መያዝ እንዳለበትና መቼ እንደሚያሳውቅ ይወስናል። የ2017ቱ ማሻሻያ ሦስት የነበሩትን ደረጃዎች ወደ ሁለት ስላወረደ ከዚያ በፊት የተዘጋጀ ማብራሪያ፣ ቪዲዮ ወይም ማስያ በዚህም በኩል ሊያሳስትዎ ይችላል። ፊደሉ ተመሳሳይ በመሆኑ ብቻ የማይመለከተውን ቅጽ ይዞ ሰልፍ ላይ የዋለ ሰው ጥቂት አይደለም።

ከዚህ የሚቀጥለው ጥያቄ ማን ያሳውቃል፣ ለማንስ ያሳውቃል የሚለው ነው። የደመወዝ ግብርን የማስላት፣ የመቁረጥ፣ የማሳወቅና የመክፈል ግዴታ የቀጣሪው ነው። መሥሪያ ቤትዎ በየወሩ የሠራተኞቹን ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ደመወዝና የተቆረጠ ግብር በዝርዝር አዘጋጅቶ ወሩ ካለቀ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ያሳውቃል፤ ገንዘቡንም ገቢ ያደርጋል። እርስዎ በዓመቱ መጨረሻ ስለ ደመወዝዎ የሚሞሉት ቅጽ የለም። ቀጣሪው ግብር የመቀነስ ግዴታ የሌለበት ሲሆን፣ ለምሳሌ ኤምባሲ ሲሆን፣ ሠራተኛው ራሱ ያሳውቃል፤ የእርስዎ ሁኔታ ይህ አይደለም። በዚህ ምክንያት ለደመወዝተኛ ተመላሽ አስወጣለሁ የሚል ሰው በሌለ ነገር ላይ ዋጋ እየጠራ ነው። ስሌቱ ትክክል ከሆነ የሚመለስ ገንዘብ የለም፤ ስህተት ካለ ደግሞ የሚታረመው በቀጣሪው የፋይናንስ ክፍል በኩል ነው፤ ለዚያ ደግሞ የደመወዝ መክፈያ ሰነድና ማመልከቻ ይበቃል።

የገቢዎች ሚኒስቴር ኢ-ታክስ የተባለው የኦንላይን ሥርዓት ታዲያ ለምን ተሠራ ይሉ ይሆናል። ሥርዓቱ ቀጣሪዎችና ነጋዴዎች ቢሮ ሳይሄዱ እንዲያሳውቁ፣ የክፍያ ማዘዣ እንዲያወጡና በባንክ ወይም በስልክ እንዲከፍሉ ያስችላል። የመሥሪያ ቤትዎ ሒሳብ ሠራተኛ የወሩን ዝርዝር በኤክሴል ቅጽ አዘጋጅቶ የሚጭነው በእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ነው። እዚህ ላይ እርስዎን የሚመለከተው አንድ ነገር ብቻ ቢሆንም ቀላል ነገር አይደለም፤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ በስምዎ ትይዩ ያለው አሥር አሃዝ የመለያ ቁጥር የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ። አንድ አሃዝ ከተሳተ ከእርስዎ የተቆረጠው ግብር በእርስዎ ስም ሳይመዘገብ ይቀራል። ስህተቱ ለዓመታት ላይታወቅ ይችላል፤ የሚወጣው አንድ ቀን የግብር ማስረጃ የሚጠይቅ ጉዳይ ሲገጥምዎ ነው፤ ያን ጊዜ የኋላውን ወር በወር ማስተካከል ለእርስዎም ለፋይናንስ ክፍሉም ከባድ ድካም ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ፋይናንስ ክፍል ጎራ ብለው በጣትዎ እየተከተሉ ቁጥሩን ማስተያየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የኪራዩ ጉዳይ ግን የሚሄደው ወደ ሌላ በር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 96 የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችን የሥራ ግብር ለፌዴራሉ ሰጥቶ፣ በአንቀጽ 97 ደግሞ በክልሉ ውስጥ ከሚገኙ የግል ቤቶች ኪራይና ከግለሰብ ነጋዴዎች የሚሰበሰበውን ግብር ለክልል ሰጥቷል። ስለዚህ በአንድ ከተማ የሚኖሩ አንድ ሰው ሆነው ሁለት መንግሥታት ፊት ቆመዋል፤ ደመወዝዎ በፌዴራሉ አዋጅ፣ የአዘዞው ቤት ደግሞ በአማራ ክልል የገቢ ግብር ሕግ ይዳኛል፤ ይህም የሚፈጸመው በከተማው የገቢዎች መሥሪያ ቤት፣ በተግባር ቤቱ በሚገኝበት በአዘዞ ጠዳ ክፍለ ከተማ በኩል ነው። በሚኒስቴሩ የኦንላይን ገጽ ላይ የቱንም ያህል ቢደክሙ የአዘዞውን ኪራይ እዚያ አሳውቀው አይጨርሱም። ክፍለ ከተማው ለእርስዎ ዓይነት ግብር ከፋይ የኤሌክትሮኒክ ማሳወቂያ ከፍቶ ከሆነ የሚነግርዎትም የመግቢያ ስም የሚሰጥዎትም እርሱ ነው፤ በሌላ ሰው እጅ የሚገኝ መግቢያ ተቀባይነት የለውም። የሚሠራበትን የኪራይ ሠንጠረዥም ከዚያው ይውሰዱ፤ በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ካገኙት በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡት።

ማሳወቅ፣ ማስወሰንና መክፈል ሦስት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን አበክሬ እነግርዎታለሁ፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሦስቱን በአንድ ቁልፍ ስለሚያስኬዳቸው ሰው አንድ ይመስሉታል። አንድ ክረምት፣ ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ አንዲት እናት የባንክ ደረሰኝ በፌስታል ጠቅልለው ቢሮዬ መጡ። ግብሩን በሐምሌ ከፍለዋል፤ ማኅተሙ ይታያል፤ ገንዘቡም ከሒሳባቸው ወጥቷል። ደረሰኙ ላይ ግን ስማቸው እንጂ የመለያ ቁጥራቸው አልሰፈረም፤ ኪራዩንም አላሳወቁም፤ ባለፈው ዓመት የከፈሉትን ያህል ገምተው ነበር ያስገቡት። ፋይላቸው ሲከፈት ያላሳወቀ፣ ያልከፈለ ይላል። ገንዘቡ ጠፍቶ አልነበረም፤ በስማቸው እስኪመዘገብ ድረስ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ በዝናብ ተመላልሰዋል። በስልክዎ የሚመጣው የክፍያ መልእክት ገንዘብ መውጣቱን ብቻ ይመሰክራል። ግዴታዎን ተወጥተዋል የሚያሰኘው ያሳወቁበት ቅጽ፣ በእርሱ ላይ የተሰጠው የግብር ውሳኔና በመለያ ቁጥርዎ የተቆረጠው ደረሰኝ አንድ ላይ ሲገኙ ነው።

መዘግየት ሁለት ጊዜ እንደሚያስቀጣም ይወቁ፤ አንዱ ዘግይቶ በማሳወቅ፣ ሌላው ዘግይቶ በመክፈል። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ዘግይቶ የሚያሳውቅ ሰው ካልተከፈለው ግብር 5 በመቶ እየተቆጠረበት እስከ 25 በመቶ ይደርሳል፤ ዘግይቶ የሚከፍል ደግሞ ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ወር 2 በመቶ ይጨመርበታል፤ ወለዱ ከዚህ ሌላ ነው። የሒሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ያበቃል፤ መዝገብ የመያዝ ግዴታ የሌለበት አነስተኛ አከራይ የተለመደ ጊዜው ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ነው። ለጎንደር ሰው ደግሞ የመጨረሻውን ሳምንት መጠበቅ የተለየ አደጋ አለው፤ ክረምቱ፣ መብራቱ፣ የኔትወርኩ መቋረጥና የሰልፉ ርዝመት አንድ ላይ የሚገጥሙት በዚያ ሳምንት ነው። እኔ ደንበኞቼን የምመክረው ሐምሌ በገባ በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት እንዲጨርሱ ነው።

ስለ ኪራዩ ራሱ ጥቂት ማስተካከያዎች ያስፈልጋሉ። የኪራይ ገቢ በየወሩ በእጅዎ የሚገባው ብር ብቻ አይደለም። በቅድሚያ የተቀበሉት ክፍያ፣ ተከራዩ ቤቱን ለማደስ ያወጣው ወጪ፣ ስለ ጉዳት ያስቀሩት መያዣ፣ ከቤቱ ጋር ያከራዩት ዕቃም ዋጋው ይቆጠራል። ልብስ ሰፊው የክፍሉን ወለል ሲሚንቶ አስደርጎ «ከኪራይ ያዙልኝ» ብሎዎት ከሆነ ያ የተያዘለት ገንዘብ ገቢ ነው። በሌላ በኩል በመሬቱና በቤቱ ላይ የከፈሉት ሌላ ግብርና ክፍያ፣ መዝገብ ለማይዝ አከራይም ስለ ጥገናና ስለ ቤቱ እርጅና በሕጉ የተወሰነው ድርሻ ከገቢው ላይ ይነሣል፤ ስለዚህ ግብሩ በሙሉው 42,000 ብር ላይ አይሰላም። የልብስ ሰፊው የንግድ ግብር የራሱ ነው፤ እርስዎን አይመለከትም። ነገር ግን እርሱ ወጪውን የሚያስመዘግብ ከሆነ የከፈለውን ኪራይ ያቀርባልና በእርስዎ ፋይል ላይ ያለው ቁጥርና በእርሱ ፋይል ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። በውሉ ላይ 1,500 አስጽፎ 3,000 መቀበል የሚያዋጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ልዩነቱ ሲወጣ ግን መሥሪያ ቤቱ ያቀረቡትን ማስረጃ ትቶ ገቢዎን በግምት ለመወሰን ሥልጣን ያገኛል፤ ግምት ደግሞ የአከራይን ልመና አይሰማም። የተማሪዎቹንም ኪራይ ቢሆን በሁለት ገጽ ውል ያስሩት፤ ክፍሎቹ በክረምት ባዶ ከነበሩ ባዶ የነበሩባቸውን ወራት ማሳየት የሚችሉት በውሉ ነው።

ቤቱ የሁለት ወራሾች መሆኑ ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የጋራ ንብረት ገቢ በባለቤቶቹ ድርሻ ልክ ተከፍሎ እያንዳንዱ ስለ ራሱ ይጠየቃል። የይዞታ ማረጋገጫው እስካሁን በአባታችሁ ስም ከሆነ፣ ወይም ኪራዩን የሚሰበስቡት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ፋይሉ በእርስዎ ስም ብቻ ተከፍቶ ከሆነ፣ 84,000 ብሩ በሙሉ በእርስዎ ላይ ይሰላል፤ ያን ጊዜ ከዝቅተኛው እርከን ሁለቴ መጠቀም ሲገባችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ትጠቀማላችሁ። ስለዚህ የፍርድ ቤቱን የወራሽነት ማስረጃና የወንድምዎን ውክልና ይዘው ድርሻው በሁለት ስም እንዲመዘገብ ያድርጉ። ይህ የእውነተኛ ባለቤትነት ክፍፍል ስለሆነ ሕጋዊ ነው። ግብር ለማሳነስ ሲባል ድርሻ የሌለውን ዘመድ ማስገባት ግን ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብ ነውና በዚህ እንዳይፈተኑ።

የወንድምዎ ፕሮግራም በእውነት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያስፈልገውም ለእርሱ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት በዓለም ዙሪያ ያገኘውን ገቢ ሁሉ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ የአዘዞው ቤት ኪራይ ግማሹም በዚሁ ውስጥ ይገባል። ብዙ ወገኖቻችን «ገንዘቡ እዚያው ጎንደር ነው የቀረው፣ ለእናቴ መድኃኒት ነው የዋለው» ብለው ሳያሳውቁት ይኖራሉ፤ ገንዘቡ የትም ቢውል ግዴታው አይቀርም። ደግነቱ ጎንደር ላይ የተከፈለው የገቢ ግብር አሜሪካ ላይ ከሚጠየቀው ግብር እንዲታሰብለት ፎርም 1116 በተባለው ቅጽ ማመልከት ይችላል። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው ደግሞ በክፍለ ከተማው በእርሱ ስም የተቆረጠው ደረሰኝ ነው፤ ደረሰኙ በእርስዎ ስም ብቻ ከሆነ ያ ክርክር ይዳከማል። የዘመን አቆጣጠሩም ይለያያል፤ የእኛ የሒሳብ ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ሲሆን የእርሱ ከጥር እስከ ታኅሣሥ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የማሳወቂያ ቀኑም ኤፕሪል 15፣ ማለትም ሚያዝያ 7 ነው። ስለዚህ የዓመቱን ድምር ብቻ ሳይሆን ወር በወር የተከፈለውን ኪራይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው ይላኩለት። እርሱም ፕሮግራሙን ሲሞላ የውጭ አገር ኪራይ መኖሩን ለሚጠይቀው ጥያቄ «የለም» ብሎ እንዳያልፍ አደራ ይበሉት፤ ፕሮግራም ያልተነገረውን ገቢ አያውቅም።

አሥር በመቶ ወደጠየቀዎት ሰው ልመለስ። የግብር ወኪልነት ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ውል ይፈርማል፣ ለሥራው የተወሰነ ዋጋ ይጠይቃል፣ ያሳወቀውንም ቅጽ ግልባጭ ይሰጥዎታል። ከተመላሽ ላይ ድርሻ የሚጠይቅ ሰው ጥቅሙ ያለው ቁጥሩን በማዛባት ላይ ነው። በእርስዎ መለያ ቁጥርና የይለፍ ቃል የገባ ማንኛውም ነገር በሕግ ፊት የእርስዎ ቃል ነው፤ ያልነበረ ወጪ ቢሞላ፣ ያልነበረ ንግድ ቢያስመዘግብ፣ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት፤ እርሱ ስልኩን ዘግቶ ይሄዳል። የይለፍ ቃሉን አስቀድመው ሰጥተውት ከሆነ ዛሬውኑ ይቀይሩት፤ በስምዎ የቀረበ የግብር ማሳወቂያ መኖር አለመኖሩንም በአካል ሄደው ይጠይቁ። በሕጉ ተመላሽ የሚባል ነገር አለ፤ ነገር ግን የሚመለከተው ከሚገባው በላይ ከፍሎ መገኘቱን በመዝገቡ ማሳየት የሚችለውን ግብር ከፋይ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከክፍያው ላይ ተቀናሽ የተያዘበት ነጋዴ ነው።

ኮምፒዩተሩን ፈጽመው ይተዉት ማለቴ አይደለም። ለእርስዎ የሚጠቅመው ፕሮግራም ግን ግብር አስልቶ የሚሰጥ ሳይሆን መዝገብ የሚይዝ ነው። አንድ የኤክሴል ገጽ ይክፈቱ፤ በእያንዳንዱ መስመር ቀኑን፣ ተከራዩን፣ የተቀበሉትን ብር፣ የተከፈለበትን መንገድ ያስፍሩ፤ ወጪ ካለ ደረሰኙን ፎቶ አንሥተው በዚያው ወር ስም ያስቀምጡ። ኪራዩን በጥሬ ገንዘብ ከመቀበል በባንክ ወይም በስልክ ክፍያ መቀበል ይሻላል፤ የባንኩ መግለጫ ምስክርዎ ይሆናል። ይህን ሁሉ ቢያንስ ለአምስት ዓመት ያቆዩት፤ መሥሪያ ቤቱ ያለፈን ዓመት ውሳኔ እንደገና ማየት የሚችለው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ማጭበርበር ካለ ግን የጊዜ ገደቡ አይከላከልልዎትም።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ማስያውን ከስልክዎ ያጥፉት። ደመወዝዎን በተመለከተ የመለያ ቁጥርዎን ከማረጋገጥ በቀር ምንም አያድርጉ። በዚህ ሰኔ ሦስቱን የኪራይ ውሎች፣ የወራሽነት ማስረጃውንና ውክልናውን አዘጋጅተው፣ የወሩን ኪራይ ዝርዝር አትመው፣ ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት አዘዞ ጠዳ ክፍለ ከተማ ይገኙ። ቀደም ባሉት ዓመታት ኪራዩን ሳያሳውቁ ቆይተው ከሆነ ያንንም በዚያው ቀን ራስዎ ይንገሯቸው፤ ተደርሶበት ከመጠየቅ ራስን ማሳወቅ ቅጣቱንም ጭቅጭቁንም ያቃልላል። የግብር ውሳኔው ሲሰጥዎ የተቀነሰልዎትን ወጪና የተሠራበትን መጣኔ እዚያው ቆመው ያንብቡ። ካልተስማሙ ቅሬታ የማቅረቢያው ጊዜ አጭር ነው፤ በፌዴራሉ አዋጅ ውሳኔው ከደረሰዎ ቀን ጀምሮ 21 ቀን ነው፤ ስለዚህ ውሳኔውን የተቀበሉበትን ቀን በጀርባው ላይ ጽፈው ያስፈርሙ። ከከፈሉ በኋላ ሁለት ደረሰኝ፣ አንዱ በእርስዎ አንዱ በወንድምዎ ስም፣ መያዝዎን ሳያረጋግጡ ከመስኮቱ አይነሡ፤ የእርሱን ፎቶ አንሥተው በዚያው ቀን ይላኩለት።